ከጥግ እስከ ጥግ

ጋሽ ልኬት የምንለው አናጢ ጎረቤቴ ነው። ጨዋታ ያውቃል፤ ግን እያወጋ ድንገት ወሬውን ያቋርጥና ጆሮውን ወደ በሩ ያዘነብላል።

«ሰማኸው?» ይለኛል።

እኔ ምንም አልሰማም። ለእሱ የሚሰማው የክፍተት መድፈኛ ሽብልቅ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቀለም ቀቢ ለነበረው ታናሽ ወንድሙ ቆሞ የሚቀባበት የእንጨት ማማ ሠራለት። ጎኑ ሦስት ሦስት ሜትር፤ እንዳይወላገድ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ የሚወጥር ረጅም እንጨት አለው። የዚያን እንጨት ርዝመት ለማግኘት እንደ ልማዱ የአንድ ሜትር ካሬን ጥግ ለጥግ፣ አንድ ነጥብ አራት አንድን፣ በሦስት አባዛ። ቆርጦ ሲገጥመው ጣት በማይሞላ አጠረ። ሌላ ከመቁረጥ ብሎ ክፍተቱን በሽብልቅ ደፈነው። በሦስተኛው ቀን ሽብልቁ ወለቀ፤ ወንድሙ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።

የሟችን ሚስት «ቁጥሩ ከዳኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ በየጣውላው ቁራጭ ላይ ያንኑ ቁጥር ያሰላል፤ አራት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት... መጨረሻውን ይፈልጋል።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ አስተማሪ የሆነችው ልጁ አንጀቷ አልችል አለ።

«አባዬ፣ በቃህ። አያልቅም። ኢንጥጥር ቁጥር ነው፤ በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ አይገለጽም።»

«አየሽ! ታዲያ ጥፋቱ የእኔ አይደለማ!»

ልታጽናናው ብላ ቀጠለች፤ «የሚገርምህ፣ የአንድ ሜትር ካሬም የሦስት ሜትር ካሬም ከጥግ እስከ ጥግ ሲለኩ ሁለቱም አያልቁም። ትልቁን ለትንሹ ስታካፍለው ግን ልክ ሦስት! የማያልቀው ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል።»

«የማያልቁት ሁሉ እንዲህ ይስማማሉ?»

«ኧረ ምን በወጣቸው! ዘመድ ሲሆኑ ነው እንጂ። የአንድ ሜትሩን ካሬ፣ ጎኑ ሁሉ አንድ ሜትር ከሆነ ሣጥን ሆድ ውስጥ ከታች ጥግ ወደ ላይ ተቃራኒው ጥግ ከሚዘረጋው ጋር ብታካፍለው፣ እሱም አያልቅልህም።»

ጋሽ ልኬት «ልክ ሦስት» ብሎ በጣቶቹ ቆጠረ።

«የዚያን ቀን» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የመስኮት መዝጊያ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። የመዝጊያውን የጥግ ለጥግ እንጨት እዚያው ላይ አስተኝቼ ነው ምልክት ያደረግሁበት፤ ልክክ ብሎ ነበር። እሱን በማማው ረጅም እንጨት ላይ ሦስቴ ብዘረጋው ኖሮ... ያለ ምንም ቁጥር!»



በማግስቱ የወንድሙ ሚስት ዘንድ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ልብስ እያሰጣች አገኘናት።

«እህቴ፣ ቁጥሩ አልከዳኝም። ማጠሩን እያየሁ ነው በሽብልቅ የደፈንኩት።»

እርጥቡን ሸሚዝ ሳፋው ውስጥ መልሳ ጣለችው።

«እሱስ ማጠሩን ያውቅ ነበር፣ ጋሼ?»

«ነግሬዋለሁ። ‹አንተ ካልክ ይሁን› ብሎኝ ማማው ላይ ወጣ።»