አባቴና ረጃጅሞቹ የእንግሊዝኛ ቃላት

ላሊበላ አስጎብኚ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት አንድ ቃል አሳፈረኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ወጥ አለት መፈልፈሉን ላስረዳ ለአንዲት አዛውንት እንግዳ «ሞኖሊቲክ» አልኳቸው። አልገባቸውም። ደገምኩት፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሦስተኛ ጊዜ ስጮኽ ጓደኛቸው ከያዘችው መጽሐፍ አንብባ ነገረቻቸውና ወዲያው ገባቸው። እሷ ስትለው ሌላ ቃል መሰለኝ።

ቅዳሜ ገነተ ማርያም ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። አባቴ የዜማ መምህር ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። ፊቴን አይተው፣

«ምን ሆነሻል ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እስቲ በይው።»

አልኩት።

«እነሱስ እንዴት ነው የሚሉት?»

ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ አራት ጊዜ አስደገሙኝ። «ሞ፣ ኖ፣ ሊ፣ ቲክ። አንቺ አራቱንም እኩል ትረግጫቸዋለሽ። የስልክሽ ሰውዬ ግን ሁለቱን ቶሎ ያልፍና ሊ ላይ ድምፁን ያነሣል።»

ቃሉን በአማርኛ ፊደል የጻፍኩበትን ደብተር ተቀብለው፣ ለተማሪዎቻቸው እንደሚያደርጉት፣ ከሊ ራስ ላይ በቀይ ትንሽ ጭረት አኖሩ።

ቀጥዬ ባሰማኋቸው «አርኪቴክቸር» ላይ ጭረቱ መጀመሪያው ፊደል ላይ አረፈ። «አርኪቴክቸራል» ሲሆን ወደ ቴ ሸሸ። ስልኩ የተሳሳተ መስሏቸው አስደገሙኝ።

«ጭራ ሲቀጠልለት ቦታ ይለቃል ማለት ነው?» አሉ ተገርመው። ይህን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም፤ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም።

ምላሴ በአንድ ጊዜ አልተፈታም። መንገድ ለመንገድ ሳነበንብ የሚያየኝ ሰው ጸሎት ሳይመስለው አልቀረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን «ሞኖሊቲክ» ስል አንድ ሌላ እንግዳ ራሱን ነቅንቆ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። ምንም አልጠየቀኝም። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አባቴ ደጅ ላይ ይጠብቁኛል። «ዛሬስ ምን ቃል ይዘሽልኝ መጣሽ?» ይሉኛል። ትርጉሙን የሚጠይቁት መጨረሻ ላይ ነው። አንዴ «ሂፖፖታመስ» ወሰድኩላቸው። አምስት ቆጥረው፣ ሦስተኛው ላይ አንሥተው፣ ከእኔ አሳምረው አሉት።

«ምን ማለት ነው?»

«ጉማሬ።»

እናቴ ከጓዳ ሳቀች። አባቴ ግን፣ «እንግሊዞቹ ለጉማሬ ስም ለማውጣት ይህን ያህል ከደከሙ፣ ደጎች ናቸው» አሉኝ።