በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ስም

ፉሳኤ ታማኪ ስለ ጌም ማሽን የምታውቀው መብራት እየበላ ልጅ የሚወስድ ዕቃ መሆኑን ብቻ ነበር። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ያኦ በምትባል የጃፓን ከተማ ለሽያጭ የምሳ ሳጥን የሚሞላ ወጥ ቤት አለ፤ እዚያ ገና ሳይነጋ ገብታ የድንች ክሮኬት ስትጠብስ ትውላለች። ከዚያ ዘይት ዘይት እየሸተተች ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ከቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ የተዘጋ በር ይጠብቃታል።

ከበሩ በስተጀርባ ያለው ልጇ ኖቡሂሮ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አልሄድም ብሎ ክፍሉን ዘጋ፤ ይኸው አስር ዓመት ሊጠጋው ነው። አልታመመም፣ አልሰከረም፣ ከሰው አልተጣላም። ዝም ብሎ ዘጋ። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እሷ ብቻ አይደለችም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳም። ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ ቤት ሆኖ ይሠራል» ትላለች፤ ጠያቂውም ውሸት መሆኑን እያወቀ «ጎበዝ» ይላል። አባቱ ሲሞት እንኳ ለመሸኘት አልወጣም። ያን ቀን ጥቁሯን ለብሳ በሩ ላይ ቆመችና «አባትህ ሊሄድ ነው» አለችው። ከውስጥ የልቅሶ ድምፅ ሰማች፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ብቻዋን ሸኘች። ተቆጥታ ነበር፤ ቁጣዋን የምታወርድበት ሰው ግን አልነበራትም።

ምግቡን በሰሃን በሩ ሥር ታስቀምጣለች፤ ባዶውን ሰሃን ታነሳለች። ኑሯቸው ይኸው ነበር፣ አንድ የኅዳር ምሽት ሾርባውን ስታስቀምጥ ድምፁን እስክትሰማ ድረስ።

«እማ፣ ማሽኑ ተበላሸ።»

ሾርባው ሊደፋባት ነበር። እንዲህ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው?

«ምን ሆነ?»

«ዲስኩን አያነብም። ያሽከረክርና ይተፋዋል። አርጅቷል በቃ። አዲሱ ቢሆን የድሮዎቹንም ዲስኮች ይጫወት ነበር፤ ግን አይገኝም።»

«ለምን አይገኝም? ዕቃ አይደል?»

«አይገኝም፣ እማ። ተይው።»

አልተወችውም። በማግስቱ አጠገቧ ሩዝ የምትሞላውን ዮሺኖን ጠየቀቻት። ዮሺኖ ምላሷ ስል ነው፤ የእህቷ ልጆች ደግሞ በዚህ ጌም ያበዱ ናቸው።

«አዲሱን ፕሌይስቴሽን? አንቺ ሴትዮ፣ ወርቅ ፈልጊ፣ ይቀልሻል።»

ከዚያ እየሳቀች አስረዳቻት። ማሽኑ ከወጣ ጀምሮ አየር ባየር ነጋዴዎች እየቀሙ በእጥፍ ይሸጡታል። ሱቆቹም መሮአቸው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ትተዋል፤ የፈለገ ስሙን አስመዝግቦ ዕጣ ይጠብቃል፤ የደረሰው ይገዛል፣ ያልደረሰው ለሚቀጥለው ይመዘገባል። ደግሞ ዓይነቱ ሁለት ነው፣ ዋጋውም ሁለት።

ማታ ፉሳኤ ሰሃኑን አስቀምጣ አልሄደችም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ኖቡ፣ አንደኛው ሃምሳ አምስት ሺህ የን ነው፣ ሁለተኛው አርባ አራት ሺህ አሉኝ። ያው አንድ አይደለም እንዴ?»

ከውስጥ መልስ መጣ፦

«አንድ አይደለም። ርካሹ ዲስክ የሚጎርስበት አፍ የለውም።»

«አፍ ከሌለው በምን ይበላል?»

ሳቅ ይሁን ሳል ያለየለት ድምፅ መጣ። «ከኢንተርኔት እያወረደ ነው የሚጫወተው። የእኔ ጌሞች ግን ሁሉም ዲስክ ናቸው። ርካሹን ከገዛሽ መደርደሪያ ሙሉ ዕቃዬ ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው።»

«ስለዚህ አፍ ያለውን።»

«አፍ ያለውን።»

ያን ምሽት ፉሳኤ እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ከደስታ ነው። ለካ ልጇ አሁንም ማስረዳት ይችላል፤ ለካ አሁንም ይስቃል። ከዚያ ወዲያ በየማታው ጥያቄ ይዛ መሄድ ጀመረች። ቴሌቪዥናችን አሮጌ ነው፣ ይችለዋል? ይችለዋል፣ ምስሉ ግን የማሽኑን ያህል አይጠራም። ሆዱ ስንት ይይዛል? ስምንት መቶ ሃያ አምስት ጊጋባይት ይባላል፤ የራሱን ወስዶ ለጌም የሚተርፈው ግን ከሰባት መቶ በታች ነው። ከሞላስ? ክዳኑ ሲከፈት ተጨማሪ ሜሞሪ የሚገባበት ቦታ አለው። ግማሹን መልስ ቀን ከዮሺኖ ሰምታዋለች። ቢሆንም ትጠይቃለች፣ እንዳልገባት ሆና ደግማ ትጠይቃለች። እሱም ሳይሰለች ያስረዳታል። ጎረቤት ቢያያት፣ በተዘጋ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ስለ ማሽን ሆድ የምታወራ አሮጊት ብሎ ይስቅ ነበር። ይሳቅ። እሷ ልጇን አግኝታለች።

ዕጣውን ለመመዝገብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሰፈር በሆነው ኒፖንባሺ ወዳለው ሱቅ በባቡር ሄደች፤ ጌም የሚሸጠው ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ኩራሞቶ የሚባል መነጽር ያደረገ ቀጭን ሻጭ ደንቡን ነገራት። ዕጣ የደረሰው ሰው ሲረከብ የካርቶኑ ማሸጊያ ይቀደዳል፤ ካርቶኑ ላይም የገዢው ሙሉ ስም በጥቁር እስክሪብቶ በትልቁ ይጻፋል። ስም የተጻፈበትን ካርቶን አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ አየር ባየር አይኖርም።

«የማንን ስም ልመዝግብ፣ እናቴ?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሌላ አገር ያለች እናት ብትሆን የራሷን ስም ሰጥታ ትገላገል ነበር። የጃፓን እናት ግን ልጇ አንደኛ ክፍል ሊገባ ሲል ከጫማው እስከ መሐረቡ፣ ከእርሳሱ እስከ እያንዳንዷ የመቁጠሪያ እንጨት ድረስ ስሙን የጻፈች ናት። ትምህርት ቤቱ ያዝዛል፣ እናት ትጽፋለች። የልጅ ዕቃ ላይ የልጅ ስም ነው። ፉሳኤም በልጇ ዕቃ ላይ «ፉሳኤ» ተብሎ ሲጻፍ ታያትና አፈረች፤ የሰው ንብረት የመንጠቅ ያህል ሆነባት።

«ታማኪ ኖቡሂሮ» አለች አፏን ሞልታ። የትውልድ ቀኑንም ጨመረች።

ታኅሣሥ ላይ አልደረሰውም። ጥር ላይ ደረሰው። መልእክቱ በስልኳ ሲመጣ «ታማኪ ኖቡሂሮ፣ ዕጣው ደርሶዎታል» የሚለውን የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብባ ወደ በሩ ሮጠች።

«ኖቡ! ደረሰህ! አፍ ያለው!»

«እውነት?» አለ። ድምፁ የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር።

የቀረውን ያነበበችላት በማግስቱ ዮሺኖ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሁለት ሰዓት፣ በጃፓን አቆጣጠር፣ ዕጣው የደረሰው ሰው ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ፤ ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልቀረበ ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ውክልና የለም።

ዮሺኖ ስልኩን መለሰችላት።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይኼ ነው። ፉሳኤ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ኒፖንባሺ ሄደች።

«እናቱ ነኝ» አለችው ኩራሞቶን። «መታወቂያ እንዲሆን የጤና መድን ካርዱን ይዤ እመጣለሁ። ገንዘቡም በእጄ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ። ራሳቸው መምጣት አለባቸው።»

«ቤተሰብም ቢሆን?»

«ችግሩ ቤተሰብ ነው እኮ። አየር ባየሮቹ አያቶቻቸውን ሳይቀር ያሰልፋሉ። ልጅዎ እሑድ አይመቻቸውም?»

«አይወጣም።»

«ታመዋል? የሐኪም ወረቀት ካላቸው አለቃዬን ልጠይቅ እችላለሁ።»

አዎ ብትል ምን ነበረበት? ግን ሐኪም አይቶት አያውቅም፣ ወረቀትም የለውም። ለዚህ ነገር ስም ፈልጋ አጣችለት።

«አልታመመም» አለች። «አይወጣም፣ ይኸው ነው።»

ኩራሞቶ ወገቡን አጥፎ ዝቅ ብሎ ሰገደ። እዚያ አገር እምቢ የሚሉህ እንዲህ አጎንብሰው ነው፤ ልትቆጣ ብትፈልግ እንኳ የምትቆጣው ፊት አታገኝም። የሻጩን አናት እያየች ቆየችና ሄደች።

ማታ ነገረችው። ማለዘብ አልቻለችበትም፤ የተጻፈውን እንዳለ ነገረችው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የራሴን ስም መስጠት ነበረብኝ አለችው። በማግስቱ ሰሃኑ ሳይነካ ተመለሰ። በሦስተኛውም ቀን ሳይነካ ተመለሰ። ድምፁን መልሼ አጣሁት ብላ ክሮኬቱን እየጠበሰች አለቀሰች፤ ዮሺኖም አየቻትና ፊቷን አዞረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን መታጠቢያ ቤት ውኃ ሲፈስ ሰማች፤ ከዚያም የመቀስ ድምፅ። ከወጥ ቤት ንቅንቅ ሳትል ቆመች።

እሑድ እኩለ ቀን ላይ በሩ ተከፈተ።

ጸጉሩን በገዛ እጁ ቆርጦት አንዱ ጎን ከሌላው አጥሯል። ሸብቷል። ይህን አላወቀችም ነበር፤ በልቧ ውስጥ ያለው ልጅ ጸጉሩ ጥቁር ነው። የገዛ ጫማው ሻግቶ ስለነበር የአባቱን አጠለቀ፤ ሰፋው። ፊቷን አላያትም።

«እንሂድ» አለ።

እስከ ጣቢያው ድረስ ግድግዳ እየታከከ ተከተላት። ዞር ብላ እንዳታየው ራሷን ያዘች፤ አንድ ጊዜ በስውር ያማከረቻት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ «አይግፉት፣ አይጎትቱት» ብላ መክራታለችና። ትኬት ቆርጠው ደረጃውን ወጥተው፣ ግራና ቀኝ ባቡር ከሚቆምበት መድረክ ደረሱ። የመጀመሪያው ባቡር መጣ፤ በሮቹ ተከፈቱ፤ ሰው ሞልቷል። ኖቡሂሮ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛውም መጣ። ሄደ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጭኖ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆኗል።

«እማ፣ አንቺ ቅደሚ። ተራውን ያዢልኝ። በሚቀጥለው እመጣለሁ።»

«አብሬህ ልጠብቅ።»

«ሂጂ፣ እባክሽ። እያየሽኝ አልችልም።»

ምን ታድርግ? ብትቀር ታየዋለች፤ ብትሄድ ትተወዋለች። ሦስተኛው ባቡር ሲመጣ ገባች። በሩ ተዘጋና የሸበተ አናቱን በመስታወት እያየች ራቀችው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። የተጠባባቂዎቹ ሰልፍ ከጎን ነው። ኩራሞቶ ስም ይጠራል፤ ሰውዬው ይቀርባል፤ ማሸጊያው ይቀደዳል፤ ስሙ በጥቁር እስክሪብቶ ይጻፋል። ፉሳኤ ዓይኗን ከአሳንሰሩ አልነቀለችም። በተከፈተ ቁጥር ሌላ ሰው ይወጣል።

«ታማኪ ኖቡሂሮ!»

የልጇን ስም ከእሷ ሌላ ሰው፣ በአደባባይ፣ በክብር ሲጠራው ስንት ዓመቱ ነው? ሰዉ ዞር ዞር ብሎ ባለ ስሙን ፈለገ።

«ታማኪ ኖቡሂሮ!»

«እየመጣ ነው» አለች። «ባቡር ላይ ነው።»

ኩራሞቶ አወቃት። ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገና የሌሎቹን ስም ጠራ። ሁሉንም ጨረሰ። ሰዓቱን አየ፤ አሳንሰሩን አየ፤ እሷን አየ። አለቃው ከኋላ መጥቶ ቆመ።

«ታማኪ ኖቡሂሮ» አለ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ የሚነግራት ይመስል።

አሳንሰሩ ተከፈተ፤ የልጅ ጋሪ የምትገፋ ሴት ወጣች። ከተጠባባቂዎቹ ሰልፍ አንድ ደስተኛ ጎልማሳ ቀረበ፤ ማሸጊያው ተቀደደ፤ የሰውዬው ስም ተጻፈ። ፉሳኤ ለኩራሞቶ እጅ ነስታ ወረደች። አላለቀሰችም። ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ይሆናል፣ ከእንግዲህ አያናግረኝም እያለች ነበር የተመለሰችው።

ያኦ ስትወርድ ግን እዚያው ነበር፤ በዚያው አግዳሚ ላይ፣ ያው እጁ ጉልበቱ ላይ። ከንፈሩ በብርድ ሰማያዊ ሆኗል። አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ሄደ?» አለ።

«ሄደ።»

«ቆሜ ነበር፣ እማ። አንዴ እግሬን ባቡሩ ውስጥ አስገብቼ ነበር።» እንባው ወረደ። «ከዚያ ቤት ልመለስ አልኩ። ደረጃው ሰው በሰው ነው። መሄዱም መመለሱም አቃተኝ።»

እጁን ያዘችው፤ እንደ በረዶ ነበር። ተነስ እንዳትለው፣ ወዴት ብላ ታስነሳዋለች? በግራ ባቡር መጣ፣ ሄደ። በቀኝ መጣ፣ ሄደ። ቆይቶ የጣቢያው ሠራተኛ ኮፍያውን አስተካክሎ ጠጋ አለና ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ይቅርታ፣ እናቴ። ባቡሮቹ እያለፏችሁ ነው። የትኛውን ነው የምትጠብቁት?»

ፉሳኤ ልጇን አየችው። እሱም መልሱን ከእሷ እየጠበቀ ነበር።