በዋልያ ገደል ላይ የተተኮሰች ጥይት

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርሁም። ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም፤ በየዓመቱ ንስሐ ስገባ ሌሎቹን ኃጢአቶቼን አንድ በአንድ እናገርና እዚህ ስደርስ እዘለዋለሁ። ጎንደር ተቀምጬ ለጋዜጣ ዜና በጻፍሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሰዎች ስለ እኔ የሚሉት «ያላየውን አይጽፍም» ነበር። እውነት ነው፤ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም። ኃጢአቴ ያለው ካየሁት ውስጥ ነው።

ጠላት ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አንድ ፈረንጅ ዋልያን በገዛ አገሩ ለማየትና ፊልም ለማንሳት መጣ። እኔም ቋንቋውን ስለምሞክር አስተርጓሚ ሆኜ አብሬው ወጣሁ። የራሴም ጉዳይ ነበረኝ። ዋልያን በዓይኑ አይቶ የጻፈ ጋዜጠኛ መባል ፈልጌ ነበር። እስከ ደባርቅ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ባለበቅሎ እየመራን በበቅሎ ሄድን። ስሜን ውስጥ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ካለች መንደር፣ አያ ዘገየ የሚባሉ ገበሬ ቤታቸውን ከፍተው አሳደሩን።

አያ ዘገየ በጠላት ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ከጣሊያን የማረኩት ምንሽር ጠመንጃ ለእርሻ ሲወጡም ቤተ ክርስቲያን ሲስሙም ከትከሻቸው አይወርድም። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ በገባን ዕለት አስጠንቅቃኝ ነበር። «ምንሽሩን ከምትነካበት እኔን ብትነካበት ይሻለዋል» ብላ ሳቀች። እሳቸውም ከመደቡ ላይ ሆነው «እውነቷን ነው» አሉ።

ለቀናት ጉም ገደሉን ሸፍኖት ዋለ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በየጠዋቱ ከገደሉ እየወጡ አጠገባችን ሣር ይነጫሉ፤ ፈረንጁ እነሱን ሲያነሳ ሰለቸው። ዋልያ ግን የለም። እኔም ተቁነጠነጥሁ።

«ምነው ተቻኮላችሁ?» አሉ አያ ዘገየ። «ዋልያ እንደ ሹም ነው። ደጅ ሳትጠኑት አይወጣም።»

ቀልዱን ለፈረንጁ ተረጎምሁለት፤ አልሳቀም። በማግሥቱ ተመላሾች ነበርን።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ፈረንጁ ከባለበቅሎው ጋር ከሸለቆው ማዶ ካለው አፋፍ ላይ መሣሪያውን ተከለ። እኔና አያ ዘገየ ከወዲህኛው አፋፍ በደረታችን ተኝተን ቁልቁል አየን። ከታች፣ እግር የማያስቆም በሚመስል የድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ ዋልያዎቹ ቆመዋል። ቀንዱ ወደ ኋላ ታጥፎ ጀርባውን የሚነካ አውራ፣ ጥቂት እንስቶች፣ አንዲት ግልገል። ሸጋ ነገር ነበር። እኔ አየሁ። ማየት ብቻ የመጣሁበት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ አልቆ ነበር።

ነገር ግን ወደ ፊት የወጣ ቋጥኝ ከፈረንጁ ጋርዷቸዋል። እጁን ያወዛውዛል፤ የት አሉ ማለቱ ነው። ጉሙም ከሸለቆው ሥር መነሣት ጀምሯል።

«ምንሽሩን ይስጡኝ» አልሁ። «አንዲት ወደ ሰማይ ብተኩስ ወጥተው ይታዩታል።»

«ተው። ገደል ላይ የቆመን ነገር አያስደነግጡም።»

«እንግዳዎ አይደለሁም?» አልኋቸው።

ይህችን ቃል የት እንደማሳርፋት አውቄ ነው የተናገርኋት። እንግዳ ለምኖ ሲከለከል ለባለቤቱ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። አያ ዘገየ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሰጡኝ። እኔም ወደ ሰማይ አልተኮስሁም። ሽቅብ ይወጡ ብዬ ከእግራቸው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተኮስሁ።

አንዲቱ እንስት ወደቀች። ጥይቱ መታት ወይስ ድንጋጤው ጣላት? አላውቅም። ወርጄም አላየሁም። ሥራዬ ማየት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ማየት አልፈለግሁም። ግልገሏ ከጠርዙ ላይ ቀረች።

አያ ዘገየ ምንሽራቸውን ከእጄ ተቀበሉና «እንግዲህ ዝም በል። ቤቴ ነህ» አሉኝ። 

ፈረንጁ ስትወድቅ አይቷል፤ ማን እንደተኮሰ ግን አላየም። ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ድምፁ ከገደሉ በኩል መጣ አልሁት። ዋልያ መግደል በአዋጅ የተከለከለ ነበርና ደባርቅ ወርዶ ለሹሙ ከሰሰ፤ ሹሙም መጥቶ አውጫጭኝ ጠራ። በደለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የሚያውቅ እንዳይደብቅ ቄሱ ይገዝታሉ። ከዚያ እያንዳንዱ እየተነሣ «አላደረግሁም፣ ያደረገም አላውቅም» ብሎ ይምላል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም።

ሁሉም ማለ። ተራው አያ ዘገየ ዘንድ ደረሰ። ተነሡና «አልምልም» አሉ።

 አላውቅም ብለው ቢምሉ ግዝቱ ነፍሳቸውን ይይዛታል። እውነቱን ቢናገሩ ያበሉትን፣ ከመደባቸው ያስተኙትን እንግዳ አሳልፈው መስጠታቸው ነው። ከሁለቱ አንዱንም አልቻሉም።

«ምነው አያ ዘገየ! ይማሉና እንግባ እንጂ፤ በሬዎቹ ሥራ ፈተው ቆሙ» አለ አንዱ ከኋላ።

«እናንተ ምላችኋል፤ ግቡ» አሉት።

ሹሙ ምንሽሩን ከትከሻቸው አስወርዶ አሸተተው። ከዝናራቸው አንዲት ጥይት ጎድላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እንግዳ ነኝና መሐላው አይመለከተኝም።

«አንተስ ጋዜጠኛው? አብረሃቸው ነበርህ አሉ።»

«ተኩሱን ሰምቻለሁ» አልሁ። «ጠመንጃው የእሳቸው ነው።»

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደግማችሁ አንብቧቸው። ሐሰት ታገኙባቸዋላችሁ? አታገኙም። ዜና ስጽፍ ቃል እንደምመርጥ መርጬ ነው የተናገርኋቸው። ፈርቼ ነበር እንዳልል ድምፄ አልተለወጠም። አያ ዘገየ ቀና ብለው አላዩኝም። ምንሽሩን ወሰዱባቸው። ባዶ ትከሻቸውን ሳይ ያን ጊዜ አፌን መክፈት አልነበረብኝም? እኔ በቅሎዬን አስጫንሁ። ጎንደር ገብቼ «በስሜን ዋልያ የገደለ ገበሬ ተያዘ» ብዬ ጻፍሁ፤ ጥሩ ዜና ነው ተብዬም ተመሰገንሁ።

አያ ዘገየ ወደታሰሩበት ወደ ጎንደር እስር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ዳቦ ይዤ ሄድሁ። ስለ ራሳቸው ምንም አላነሡም።

«ቤትህ በደህና ገባህ?» አሉኝ።

«ገብቻለሁ።»

«እንግዲያ ከዛሬ ወዲያ እንግዳዬ አይደለህማ» አሉና ጠበቁኝ።

ምን እንደሚጠብቁ ገብቶኛል። ባለቤት ለእንግዳው የሚቆመው እንግዳው ቤቱ እስኪገባ ነው፤ ከገባ በኋላ እንግዳው ስለ ራሱ ይቆማል። እሳቸው የድርሻቸውን ጨርሰዋል። እዚያው ጎንደር ካለው የበላይ ሹም ቢሮ ደርሶ እውነቱን ለመናገር አንድ ዳገት መውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ። እኔ ምን አልሁ? «እግዜር ያስፈታዎ» ብዬ ዳቦውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከተፈቱ በኋላ ምንሽሩ አልተመለሰላቸውም። ከግዝት ፊት መሐላ እምቢ ያለ ሰው ተብለው ለሽምግልና አልተጠሩም። በገበያ «ዋልያ ገዳይ መጣ» የሚላቸውም ነበር። ይህን የነገረኝ ያ ባለበቅሎ ነው፤ መሞታቸውንም ያረዳኝ እሱ ነው። የአርበኛ ለቅሶ ላይ የሟች ጠመንጃ ወጥቶ ለሕዝብ ይታያል። በአያ ዘገየ ለቅሶ ላይ ግን እትዬ ጥሩ ዝናሩን ብቻ ይዛ ወጣች።

ይቅርታ ልለምን አልጻፍሁም። ያን ቀን በእስር ቤቱ ይቅርታ ራሱ ቁጭ ብሎ ጠብቆኝ፣ እግዜር ያስፈታዎ ብየው ወጥቻለሁና አሁን ከማን ዘንድ እፈልገዋለሁ?

ባለበቅሎው ዝናሩን ከቅርብ አይቶታል። ጥይቶቹ እንዳሉ ናቸው፤ የአንዲቱ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። «ምስኪን፣ ያችን አንዲት ተኩሰው እኮ ነው እንዲህ የሆኑት» አለኝ።

ያን ጊዜም ዝም አልሁ። ያችን የተኮስኋት እኔ ነኝ።