የባዳቾ ጀማሪ ሂንዲ

በዚያን ዘመን በሶዶ ሂንዲ አውቃለሁ የሚል ሰው ጥቂት አልነበረም። በመናኸሪያው አካባቢ ባሉ ቪዲዮ ቤቶች የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሁሉ የፍቅርና የበቀል ቃላትን ከነዜማቸው ይደረድር ነበር። ከእነዚህ አዋቂዎች መካከል ግን ውኃ ለመለመን የሚያበቃ ዓረፍተ ነገር ያለው አልነበረም። ባዳቾ ዳልጮም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት መግቢያ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሰሜን ህንድ ሊሄድ ሲሰናዳ ባለቤቱ ብሩክታይት ስለ ቋንቋው ጠየቀችው።

"ግማሹን አውቀዋለሁ" አላት።

"የቱን ግማሽ? የሚያለቅሱበትን ወይስ የሚዘፍኑበትን?"

ባዳቾ የገሱባ አካባቢ ልጅ ሲሆን በቆላማው ሁምቦ የግብርና ባለሙያ ነበር። በሁምቦ የተራቆቱ ኮረብቶች ከብት እንዳይገባባቸው ተከልለው ደን እንዲለብሱ ይደረግ ነበር፤ በሄደበትም አገር እንዲህ ያሉ ኮረብቶች ነበሩ። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠው ጥያቄ አንድ ነው፦ ገበሬ የተከለለን ኮረብታ አንዳንዴ የሚጠብቀው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከብቱን የሚሰድበት ስለምን ነው? አማካሪው መምህር የገበሬዎቹ የራሳቸው ቃል የሌለበትን ጽሑፍ እንደማይቀበል ገና ከጅምሩ ነግሮታል። የተሰጠው የትምህርት ጊዜ አይራዘምም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ገበሬዎቹን ካላናገረ ያለ ዲግሪ ይመለሳል።

አስተርጓሚ ሆኖ የተመደበለት ዲነሽ የተባለ የክፍል ጓደኛው ነበር። ዲነሽ ደግ ወጣት ነው፤ ገበሬ ግን ይሰለቸዋል። ወደ አንድ መንደር በወጡበት በመጀመሪያው ቀን አንዲት አሮጊት እጃቸውን እያወናጨፉ ረጅም ነገር ተናግረው ሲጨርሱ፣ ዲነሽ በእንግሊዝኛ "ጥሩ ነው ይላሉ" አለው።

"ይህ ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት ነው?"

"እንግዲያው በጣም ጥሩ ነው ማለታቸው ይሆናል።"

ባዳቾ ይህን አስተረጓጎም አሳምሮ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሁምቦን ገበሬ ወላይትኛ ወደ አማርኛ ይመልስ የነበረው እርሱ ነውና፣ የእንግዳውን ችኮላና የገበሬውን ምሬት አመዛዝኖ መቁረጥ ለእርሱም እንግዳ ሙያ አልነበረም። በማግስቱ ለውጭ አገር ተማሪዎች በተከፈተው የጀማሪዎች የሂንዲ ክፍል ተመዘገበ።

የትምህርቱ ደስታ ያልጠበቀው ነበር። ፊደሉ እንደ ግእዝ ፊደል አናባቢውን በተነባቢው ገላ ላይ ይሸከማል፤ ቃሉም በሙሉ ከአናቱ በአንድ አግዳሚ መስመር ይያያዛል። ማሰሪያ ግሡ እንደ አማርኛና እንደ ወላይትኛ በመጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ ሌሎቹ ተማሪዎች ዓረፍተ ነገሩን ከየት ይዘው ወዴት እንደሚወስዱት ሲቸገሩ፣ ባዳቾ በሚያውቀው ቤት ውስጥ ዕቃው ብቻ እንደተለወጠበት ሰው ይራመድ ነበር። ትናንትና ነገ በአንድ ቃል እንደሚጠሩ ባወቀ ዕለት ግን እጁን አወጣ።

"ታዲያ በምን ትለዩአቸዋላችሁ?"

መምህርቱ ወይዘሮ ሱሽማ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩት። "ትናንት የደረሰበትን የሚረሳ ሰው አለ? የቀረው ነገ ነው። ቁጭ በል።"

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ባዳቾ ወደ መንደሩ ተመለሰ። አሁን ስለ እርሻ፣ ስለ ከብትና ስለ ሣር ራሱ ይጠይቃል፤ ዲነሽ የሚናገረው ሲጠራ ብቻ ነው። ገበሬዎቹ የሚሰባሰቡት ሃርፓል በተባሉ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ነበር። ጥቁር ሰው በቋንቋቸው ሲናገር ስለገረማቸው ከመልሳቸው ይልቅ ጥያቄያቸው በዛ። እናትህ በሕይወት አለች? እናንተ ዘንድ ዝናብ ስንት ወር ይዘንባል? በመጨረሻም የሃርፓል ምራት ከጓዳ ሆና፣ ትልቁ በዓላችሁ ምንድን ነው፣ በዕለቱስ ምን ታደርጋላችሁ ስትል ጠየቀች።

ባዳቾ ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ ነበር። "መስቀል ነው" አለ። "ጎረቤት ሆነን ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ እናጠራቅማለን። ትልቅ በሬ እንገዛለን። አርደን እኩል እንካፈላለን። ጥሬውን በዳጣ እንበላለን፤ ዳጣ የበርበሬ ማባያ ነው።"

ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። የሃርፓል ምራት ከጓዳ ወጥታ በፊቱ የነበረውን የነሐስ ጽዋ አንሥታ ገባች። አንድ ሰው ተነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ባዳቾ ህንዶች ላም እንደማይበሉ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ነገር ግን የምትታለብ ላም ማረድ በአባቱም ቤት የማይታሰብ ስለነበረ፣ ክልክሉን በገዛ አገሩ ልማድ ተረድቶት ነበር፤ ላም አትታረድም፣ የመስቀል በሬ ግን ሌላ ነገር ነው። የወላይታ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ የለም። ደግሞም የተሟላ ዓረፍተ ነገር ያገኘ ጀማሪ አድማጩን ከማየት ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን ያያል። ይህ ይቅር የሚባል ጥፋት ነው፤ ጥፋት መሆኑ ግን አይቀርም።

በመንገድ ላይ ዲነሽ ይስቅ ነበር። "ምን አስጨነቀህ፣ ወንድሜ? ሂንዲህ የጀማሪ ነው። 'በሬ ገዝተን እናከብረዋለን ለማለት ፈልጎ ቃል ተሳሳተበት' እላቸዋለሁ። ማን ይጠራጠራል?"

"የተሳሳተብኝ ቃል የለም።"

"ዲግሪው ይቅርብኝ ትላለህ?"

ባዳቾ አልመለሰለትም። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሮት እንደሆነ፣ ወይም ከደግነት፣ ዲነሽ በዚያው ምሽት ተመልሶ ነገሩን አስተካከለ።

ማለዳ ባዳቾ ብቻውን ወደ ሃርፓል በረንዳ ሄዶ ከደረጃው በታች ቆመ። በመንገድ ሁሉ ያሰበው ቀላል ነገር ነበር። እነዚህ ሰዎች ከብታቸውን ወደ ተከለለው ኮረብታ ስለምን እንደሚሰዱ እውነቱን እንዲነግሩት ይፈልጋል፤ ይህም ሊያስቀጣቸው የሚችል እውነት ነው። እርሱ የገዛ ምግቡን ከካደ በምን ፊቱ ይጠይቃቸዋል?

"ትናንት የተናገርሁት ልክ ነው" አላቸው። "በሬ እንበላለን። በቤትዎ ስላልሁት ይቅርታ።"

ሽማግሌው ጥርሳቸውን የሚፍቁበትን እንጨት ከአፋቸው አወጡ። "ያ ልጅ ተሳስቶ ነው ብሎን ነበር። እኛም አምነን በሰላም አደርን።"

"አልተሳሳትሁም።"

"እዚህ አገርም ትበላለህ?"

"እዚህ አልበላም። አገሬ ስገባ እበላለሁ።"

ምራቲቱ ከጓዳ ሳቋ አመለጣት። ሃርፓል ወደ ጓዳው ዞረው ተቆጡና ወደ ባዳቾ ተመለሱ። "አንዳንዱ ቤት አይቀበልህም፤ አታስቸግራቸው" አሉ። "እኔ እዚህ አነጋግርሃለሁ። ምንጣፍህን ይዘህ ና። የኛን ዕቃ አትንካ።"

ምንጣፉን ይዞ ሲመለስ ውኃ ቀረበለት፤ በነሐሱ ጽዋ ሳይሆን ከጠጣ በኋላ በሚሰበር የሸክላ ዋንጫ። ዋንጫውን በእጁ እንደያዘ፣ በገሱባ ሸክላ ይዛ ትመጣ የነበረችው አሳየሽ ትዝ አለችው። አሳየሽ ጭናሻ ከሚባሉት የሸክላ ሠሪ ወገኖች ነበረች። እናቱ እሑድ በቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ሁሉ በክርስቶስ አንድ ነው ተብሎ ሲሰበክ አሜን ትላለች፤ ሰኞ ለአሳየሽ መጠጥ የምትሰጣት ግን ከአጥር ውጭ፣ ሌላ ማንም በማይጠጣበት ቅል ነው። ቅሉን ያቀብል የነበረው ባዳቾ ራሱ ነበር።

ውኃውን ጠጣ። በዚህ አይመሰገንም፤ ተጠምቶ ነበር፣ መልስም ይፈልግ ነበር። ከዚያም በአጭሩ ጠየቀ፦ "ከብት ወደ ኮረብታው ለምን ይገባል?"

ሃርፓል እንዲገባው ዓረፍተ ነገሩን እየቆረጡ ቀስ ብለው መለሱ። ኮረብታው ሲከለል ሣሩን አጭደው የሚካፈሉት መሬት ያላቸው ናቸው። መሬት የሌለው ጠባቂ ይሆናል እንጂ ድርሻ የለውም። "ስለዚህ ልጁ ይጠብቃል፣ አባቱ ከብቱን ያስገባል" አሉ። "ይህን ለዚያ አስተርጓሚህ ስንት ጊዜ ነገርነው። እርሱ ምን ብሎህ ነበር?"

"ጥሩ ነው ትላላችሁ ብሎኛል።"

"ጥሩ ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ።

ከመንደሩ ቤቶች ከግማሽ የሚበልጡት በራቸውን እንደዘጉበት ቀሩ። በጽሑፉ ውስጥ የገባው ድምፅ ካቀደው እጅግ ያነሰ ስለነበር ፈታኞቹ በዝቅተኛ ውጤት አሳለፉት፤ እርሱም አልተከራከረም። ወደ ሶዶ ሲመለስ ዲግሪውን፣ የሃርፓልን መልስና ለሁምቦ ኮረብቶች የሚሆን አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር፦ ሣሩን የሚካፈለው ማን ነው? ይህንንም ጥያቄ በየስብሰባው እስኪሰለች ድረስ ያነሣዋል። ስለ ገሱባ ሸክላ ሠሪዎች ግን በእናቱ ፊት እስከ ዛሬ አንድ ቃል ሲናገር አልተሰማም፤ በወላይትኛም ቢሆን።