በሁለት ብሎን የታሰረ ዓመት

በከተማው ውስጥ በር ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነው ማለት ይቻላል። ፋርማሲው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚለው ግድግዳ ሳይቀር። ሰዉ እጀ ወርቅ ይለዋል። በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድ ፊደል አልገደፈም። "እሱ የጻፈው ነገር ውሸት አይመስልም" ይሉታል። ሙገሳ እየመሰለው ኖሯል።

ኩባንያው የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ነፋሻማ ስለሆነ ከነፋስ መብራት ላመነጭ ነው አለ። የሕዝብ ግንኙነት ሹሙ፣ ፈገግታ ከደሞዙ ጋር የሚከፈለው የሚመስል ሰው፣ ጽሑፉን በወረቀት ይዞ ወደ እጀ ወርቅ ሱቅ ገባ። "ሃያ ሜጋ ዋት ንጹሕ ኃይል። ለቤት፣ ለወፍጮ፣ ለፋብሪካ" ይላል። ከሥሩ ሥራው የሚያልቅበት ዓመት በቁጥር ሰፍሯል።

"ዓመቱ የተረጋገጠ ነው?" አለ እጀ ወርቅ።

"እንደ ፀሐይ መውጣት ነዋ።"

"የእናንተ ከነፋስ ነው አላላችሁም?"

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። እጀ ወርቅ ደንበኛ ሲስቅለት ይጠራጠራል። ስለዚህ ዓመቱን ታፔላው ላይ አልጻፈውም። መዳፍ በምታህል ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ጻፈና ታፔላው ላይ በሁለት ብሎን አሰራት። ዓመት እየጠሩ ቃል ለሚገቡ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ሲለወጥ ሙሉውን ከመፋቅ ቁራጯን ፈትቶ ሌላ መግጠም ይቀላል። ብልሃቱን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ታላቅ እህቱ ከገበያ ስትመለስ ታፔላውን አየች። ቆማ ሁለቴ አነበበችው። ቤቷ ከኮረብታው ሥር ነው፤ በሰፈሯ ያለው መስመር አምፖል ያበራ እንደሆን እንጂ ወፍጮ አያንቀሳቅስም። ወር ሳይሞላ ሁለት ላሞቿን ሸጣ የኤሌክትሪክ ወፍጮ አስመጣች።

"የኩባንያው ወሬ ቢሆን ጆሮዬንም አልሰጠው" አለች ለጎረቤቷ። "የወንድሜ እጅ ነው እንጂ።"

እጀ ወርቅ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። ዝም ያልኩት ሥራ ስለበዛብኝ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

በሁለተኛው ዓመት ኩባንያው ኢንቨስትመንቱን አሰፋ። ያሰፋው ታፔላው ላይ ነው። ሃያው ሃምሳ ሆነ፤ የማለቂያው ዓመት አንድ ወደፊት ተገፋ። በሦስተኛው ዓመት ሃምሳው መቶ ሃያ ሆነ። ኮረብታው ላይ ሦስት ምሰሶ ቆሟል። ከሦስቱ ክንፍ ያለው አንዱ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁለት ክንፍ ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው ክንፍ ወደብ ላይ ነው ይባላል። እጀ ወርቅ በየዓመቱ መሰላሉን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይፈታል፣ ይገጥማል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

"እስካሁን ኃይል ያመነጨሁት እኔ ብቻ ነኝ" ይላል ሱቁ ደጃፍ ለሚቀመጡት። "መቶ ሃያ ሜጋ ዋት በአንድ ብሩሽ። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው።"

ይስቁለታል። በእህቱ ወፍጮ አፍ ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር።

በአራተኛው ዓመት አንድ ጠዋት መሰላል ላይ ሆኖ የመጀመሪያዋን ብሎን ሲፈታ ከታች የእህቱን ድምፅ ሰማ።

"ምንድን ነው የምትፈታው?"

"ዓመቱን፣ እትዬ።"

"ዓመት ይፈታል እንዴ?"

የፈታትን ብሎን ኪሱ ከተተ።

"ብሎኗን መቼ ነው ያስገባሃት?"

ዋሽቷት አያውቅም፤ ቢያንስ በአፉ። "መጀመሪያውኑ" አለ።

"ወፍጮውን ሳልገዛ?"

"ሳትገዢ።"

ዘንቢሏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ሰው ላም አለኝ በሰማይ ሲል እስቅ ነበር" አለች። "እኔ ያሉኝን ሁለቱን ሸጬ የሰማይዋን ገዛሁ። ያሻሻጠኝ ደግሞ የእናቴ ልጅ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሁድ እሁድ ምሳ የሚበላው እሷ ቤት ነበር። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄዶ ሳያንኳኳ ተመለሰ።

በወሩ ሕዝብ ግንኙነቱ መጣ። ባለሀብቶች ሊጎበኙ ነው፤ ኢንቨስትመንቱም ሰፍቷል።

"አምስት መቶ አድርገው፣ ጋሼ።"

"በሁለት ክንፍ?"

"ዕቅድ ክንፍ አይፈልግም።"

"እሺ" አለ እጀ ወርቅ። "ዓመቱን ግን እዚያው ታፔላው ላይ ነው የምጽፈው። በዘይት ቀለም። ብሎን የለም።"

የሰውየው ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። "ኧረ እሷን አትንካብን። አለቆቻችን እንኳ ከፕሮጀክቱ በሰዓቱ የምትሠራ እሷ ብቻ ናት ነው የሚሉት።"

"ስለ ብሎኗ ያውቃሉ?"

"ማን የማያውቅ አለ?"

እጀ ወርቅ አሰበ። የማታውቅ አንዲት ሴት ነበረች።

"እንግዲያው ሌላ ጻፊ ፈልጉ" አለው።

አልፈለጉም። አንድ ቤት የሚሸፍን ባነር አሳተሙ። በጉብኝቱ ቀን ኮረብታው ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ባነሩ በሁለቱ ባዶ ምሰሶዎች መካከል በገመድ ተወጠረ። ያሰሩት ሰዎች ቦታው የተመረጠው ነፋሻማ ስለሆነ መሆኑን የረሱ ይመስላል። ጭብጨባው ሳያልቅ ገመዱ ተበጠሰ። አምስት መቶ ሜጋ ዋት የባለሀብቶቹን ኮፍያ ጠራርጎ፣ ቁልቁል ወርዶ፣ የእጀ ወርቅ እህት አጥር ላይ ተጋደመ። ነፋሱ በአራት ዓመት ውስጥ ለኩባንያው የሠራው ሥራ ይኸው ነው። ባነሩን መጥቶ የጠየቃትም የለም።

በሦስተኛው ቀን ባነሩን ጠቅልላ በትከሻዋ ተሸክማ ሱቁ ገባች። ሰላም አላለችውም። ወለሉ ላይ በደረቱ ዘረጋችው።

"ጀርባው ነጭ ነው" አለች። "'የሚሸጥ ወፍጮ' ብለህ ጻፍበት።"

ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። "'ያልተሠራበት' ልበል?"

"በል። በትልቁ። ደግሞ ብሎን እንዳታስገባበት።"

ጻፈው። ቀለሙ እስኪደርቅ ብሩሹን አጠበ። ከዚያ እህቱ እንደ ድሮው ቆማ ሁለቴ አነበበችው።

"እሁድ ና" አለች ባነሩን እየጠቀለለች። "እንቁላል እንደሆነ ሞልቷል።"