ባለ ኮሌታዋ የሰጠችው ቃል

ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ባለ ኮሌታዋ» ይላት ነበር። ፀሐይ ቢያቃጥል፣ ብርድ ቢያንዘፈዝፍ፣ ራሷ የሰፋችውን፣ እስከ አገጯ የሚደርስ ኮሌታ ያለውን ቀሚስ ሳትለብስ ከደጅ አትታይም። ደንበኞቿ የተረፋትን ጨርቅ ሁሉ አንገቷ ላይ እንደ ጨረሰችው እየተናገሩ ሲቀልዱባት አብራ ትስቃለች። ስለ ደኅንነቷ የጠየቃትን ሁሉ ግን፣ ታማም ሆነ አዝና፣ በአንድ ቃል ትመልስ ነበር፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ወደ ወኅኒ ደጃፍ ያደረሳት ይህ ቃል ነው።

አንድ ቀን የደንበኛ ሱሪ ስትተኩስ ባሏ ከኋላዋ መጥቶ አንገቷን አነቃት። ትንፋሿ ሲያጥር በእጇ የነበረውን የጋለ ካውያ ወደ ኋላ ሰነዘረችው፤ ክንዱም ተቃጠለ። እርሱ እየጮኸ ወደ ፖሊስ ሲሮጥ፣ እርሷ የሰው ሱሪ እንዳያርር ካውያውን ነቅላ ተቀመጠች። መርማሪው ከበሩ እንደ ገባ ደህና መሆኗን ጠየቃት። ኮሌታዋን አስተካክላ እንደ ልማዷ መለሰችለት።

ባሏን በማቃጠል የአካል ጉዳት አድርሳለች ተብላ ተከሰሰች። በችሎት መርማሪው፣ ተከሳሿ በዚያው ሰዓት አንዳች ጉዳት እንዳልደረሰባት በገዛ አንደበቷ መናገሯን መሰከረ። ዐቃቤ ሕጉም ያልተነካ ሰው ራሱን ከምን እንደሚከላከል ጠየቀ። ተከላካይ ሆኖ የተመደበላት ወጣት ጠበቃ ከችሎቱ ሲወጡ፣

«ምነው እትዬ፣ ታንቀው ደህና ነኝ ይባላል?» አላት።

«ታዲያ ልጄ፣ ፈጣሪዬን ላማርር?»

ጠበቃው ይህን መልስ ሲያሰላስል ሰነበተ። በቀጣዩ ቀጠሮ ባልየው ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ ቀረበ፤ ሕመሙ እንቅልፍ እንደ ነሣው፣ እጁም ማንኪያ ማንሣት እንደ ተሳነው በዝርዝር መሰከረ። የመስቀለኛ ጥያቄ ተራ ሲደርስ ጠበቃው ተነሥቶ በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«እንደምን አሉ ጌታዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ከኋላ ወንበር ሳል የመሰለ ሳቅ ተሰማ። ጠበቃው ሌላ ጥያቄ እንደሌለው ገልጦ ተቀመጠ።

ዳኛዋ ምስጋና የጉዳት ማስረጃ ሊሆንም ማስተባበያ ሊሆንም እንደማይችል ተናገሩ፤ ይሁን እንጂ ምስጋናው የሸፈነውን ነገር ከተከሳሿ ከራሷ መስማት እንደሚሹ አስታወቁ። ይህ ለልብስ ሰፊዋ ከክሱ ይልቅ ከበዳት፤ የቤቷን ገመና አደባባይ ማውጣት፣ ያመሰገነችውንም አምላክ መክሰስ መሰላት። ዝም ብትል ግን እንደምትታሰር ጠበቃው አስቀድሞ ነግሯታል። ጣቶቿ የኮሌታዋን ላይኛ ቁልፍ ያዙ፤ ማንም ሳያዝዛት ፈታችው። በአንገቷ ዙሪያ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ የጥፍር ጠባሳ ታየ።

«ክብርት ዳኛ፣ አምላኬ የተመሰገነ ይሁን፤ ያን ቀን ግን ደህና አልነበርኩም። ከዚያ በፊትም አልነበርኩም።»

የቀረውን ሳታለቅስ ተናገረች። ፍርድ ቤቱም ያደረገችው ሁሉ ነፍሷን ለማዳን እንደ ነበር አምኖ በነፃ አሰናበታት፤ ባልየውም በእርሷ ላይ ስላደረሰው ጉዳት በፖሊስ እንዲመረመር አዘዘ።

ዛሬም ትሰፋለች። ቀሚሷ እንደ ማንኛዋም ሴት ቀሚስ አንገቱ ክፍት ነው፤ ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃትም። ጎረቤት በደጇ ሲያልፍ ደኅንነቷን ቢጠይቃት፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ጥቂት ታስባለች። ከዚያም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬ ግን ወገቤን ያመኛል» ትላለች።