ኢየሱስ (1998) እንደሚለው

ጥሩሸዋ ሞላሌ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ናት። ክረምት ክረምት ማስተርሷን ስትማር ቆይታ የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር። ከበግ ጸጉር ስለሚሠራው የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ስለ ባና አሠራር የጻፈችውን ጨርሳ፣ ዋቢዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ለቅማ ለአማካሪዋ ለዶክተር ባስልዮስ ላከችላቸው።

«ይኼ አይሆንም» አሏት በስልክ። «ዘንድሮ ዋቢ በእጅ አይጻፍም፤ ትምህርት ክፍሉ ወስኗል። የዋቢ ማደራጃ ፕሮግራሙን ጫኚና ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ካታሎግ ጋር አገናኚው። ራሱ ይሞላልሻል።»

ሊሞላላት ቀርቶ እሷንም ሊጨርሳት ነበር። ሲጫን መብራት ሄዶ ከዜሮ ጀመረች። ተጭኖ ሲያበቃ የካታሎጉን አድራሻ ጠየቃት፤ ሰጠችው። የይለፍ ቃል አለ፤ ሰጠችው። «ግንኙነት አልተሳካም» አላት። ኔትወርክ ፍለጋ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ብርዱ ጣቷን ሲያደነዝዘው እሱ ያንኑ ይደጋግማል።

ባሏ ኪዳነ፣ «በእጅሽ ጽፈሽው የለም እንዴ?» አላት።

«ጽፌዋለሁ!»

«ታዲያ?»

«ተወኝ ኪዳነ።»

እንደ ምንም ተገናኘ። በእጇ ያስገባቻቸውን ዋቢዎች ሁሉ ከካታሎጉ እየሳበ ተካቸው። እሷም እፎይ ብላ፣ መልሳ ሳታነበው ላከችው።

በማግስቱ ዶክተር ባስልዮስ ደወሉ። «እስቲ የምዕራፍ ሦስትን መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

«‹ኢየሱስ (1998) እንደሚለው፣ ለባና የሚሆነው የበግ ጸጉር...›» ብላ ቀጥ አለች።

«ጌታችን ስለ በግ ጸጉር የጻፈው የትኛው ወንጌል ላይ ነው?»

የመጽሐፉ ደራሲ ኮከብ ወልደ ኢየሱስ ናቸው። ፕሮግራሙ እንደ ፈረንጅ ስም የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ ሌላውን በፊደል አሳጥሮ ወደ ኋላ ጥሎታል። አስተካከለችው። ፕሮግራሙን ዘግታ ስትከፍተው ካታሎጉ ኢየሱስን መልሶ አመጣው። ደግማ አስተካከለች፤ ደግሞ መለሰው።

መጀመሪያ ለፕሮግራሙ ሰዎች ጻፈች፤ ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ደወለች። ያነሳችው የካታሎግ ሠራተኛዋ ራውዳ ነበረች።

«እኛ ጋ ስሙ ልክ ነው እህቴ። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው።»

«የፕሮግራሙ ሰዎች ደግሞ የካታሎጉ ነው ይላሉ! እኔ የማንን ደጅ ልጥና?»

«ቆዪ፣ በራሴ ስም ልሞክረው።» ራውዳ ስትጽፍ ተሰማ። «አባቴ ዓብዱ ረህማን ነው የሚባሉት። ‹ረህማን› ብሎ በፈጣሪ ስም አመጣቸው። አስተግፊሩላህ!»

የኮከብን ስም ሳይከፈል እንደ አንድ ቃል እንዲያዝ አድርጋ አስተካከለችላት። «የሌሎቹን ግን አለቃዬ ሳይፈቅድ አልነካም። እሱ ደግሞ ስብሰባ ገብቷል።»

«መቼ ይወጣል?»

«እኔም አላውቅም።»

ሌሎቹ ደግሞ ብዙ ነበሩ፤ ሥላሴም፣ ማርያምም፣ ሚካኤልም ጽሑፏ ውስጥ ደራሲ ሆነው ተቀምጠዋል። ጥሩሸዋ ግንኙነቱን ቆረጠችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀምጣ ስሞቹን ሁሉ እንደ አገሩ ወግ፣ ሰው እንደሚጠራባቸው አድርጋ በእጇ ጻፈች።

ሰኞ ለዶክተሩ ደወለች። «አገናኝቼው ነበር። ቆረጥኩት። ትምህርት ክፍሉ ካልተቀበለኝ ይቅር።»

ዶክተሩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ስሞቹ ልክ ናቸው?»

«ልክ ናቸው።»

«እንግዲያው ላኪው» አሉ። «ከትምህርት ክፍሉ ጋር እኔ እጨቃጨቃለሁ።»

ተጨቃጨቁም። ጽሑፉ አለፈ።